በታደለ እግር ውስጥ የነበረው ብረት

ሰኞ

ወደ ካፋ የሄድኩት ለአንድ ሽማግሌ «ልጅዎን እርስዎ አልገደሉትም» ለማለት ነው። ሌላ ጉዳይ አልነበረኝም። ቦንጋ ደርሶ የተመለሰ ሰው ስለ ፏፏቴው፣ ስለ ጫካው፣ ስለ ማሩ ሲያወራ ይውላል፤ እኔ ፏፏቴውን አላየሁም፣ ጫካውንም በደንብ ያየሁት ጭቃ ውስጥ ተንበርክኬ ነው። እንዲያም ሆኖ መንገዱን የማያውቅ እንዲያውቀው፣ ታደለንም የማያውቅ ትንሽ እንዲያዝንለት ብዬ ከተመለስኩ በኋላ ይህን ጻፍኩ።

ታደለ አዳማ ውስጥ እኔ በምሠራበት ቤተ ሙከራ ቴክኒሻን ነበር። ሥራችን ታይታኒየም ላይ ነው። ታይታኒየም ቀላል ነው፣ ጠንካራ ነው፣ አይዝግም፤ የሰው ገላም ስለማይጠላው ሐኪሞች የተሰበረ አጥንት ያስሩበታል። አንድ ክፉ ጠባይ ግን አለው። ከሌላ ብረት ጋር ጥብቅ ብሎ ታስሮ እያለ በጥቂት በጥቂቱ፣ ዓይን በማያየው መጠን ከተንቀሳቀሰ፣ ቆዳው ይላጣል፤ ከተላጠው ቦታ ደግሞ ስንጥቅ ይጀምራል። የፍትጊያ ድካም እንለዋለን። እሱን ለመከላከል ላዩ ላይ ስስ የሴራሚክ ሽፋን ይደረጋል፤ ወርቅ የመሰለ፣ ጠንካራ ሽፋን። እኔና ታደለ ለዓመታት የደከምነው ይህ ሽፋን ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል በሚለው ጥያቄ ነው። መልሱ ያናድዳል፤ ሁለቱንም ያደርጋል። ደህና አድርጎ ከተጣበቀ የብረቱን ዕድሜ ያረዝማል። ከሥሩ ያለው ብረት ሲለመጥ ሽፋኑ እንደ ስኒ ከተሰነጠቀ ግን ስንጥቁ ወደ ብረቱ ይዘልቃል፣ የረገፈው ፍርፋሪም መሃል ገብቶ እንደ አሸዋ ይፈጫል።

ታደለ ለእረፍት ወደ አገሩ ሲሄድ የተሳፈረበት ሚኒባስ ተገለበጠና ጭኑ ተሰበረ። የእግዜር ነገር፣ ያስገቡለት ብረት ያው በወርቃማ ሴራሚክ የተሸፈነ ታይታኒየም ሆነ። «ጋሼ፣ ናሙናው እኔው ሆንኩልዎ» ብሎ በስልክ ሳቀ። ከዚያ ቦንጋ አቅራቢያ ማንኪራ በምትባል መንደር፣ አባቱ ቤት፣ ለወራት አገገመ። የማር ወቅት ሲደርስ አባቱ ጋሽ ገብሬ ጉልበታቸው አልታዘዝ ስላላቸው «አንዷን ዛፍ ብቻ ውጣልኝ» አሉት። ወጣ፣ ቀፎውን አወረደ፣ በሰላም ወረደ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ግቢው ውስጥ፣ ሜዳ ላይ ሲራመድ ብረቱ ቀጭ አለ። እንደገና ቀዶ ጥገና ተደረገለት፤ ቁስሉ አመረቀዘ፤ ሞተ። ሆስፒታል ሳለ የወጣውን ስባሪ ጠይቆ ተቀብሎ በመንገደኛ ልኮልኝ ነበር። «የኛው በሽታ ሳይሆን አይቀርም፣ ይዩልኝ» ነበር መልእክቱ። አየሁት፤ እውነቱን ነው። ልነግረው ስደውል ስልኩን ያነሳችው ሚስቱ ዘነበች ናት፤ ከድምጿ ገባኝ።

ከቀብሩ ወዲህ ጋሽ ገብሬ ጫካ መግባት ትተዋል አለችኝ ዘነበች። ማር አይቀምሱም፣ ለቅሶ ሊደርስ የመጣውን ሰው ፊቱን አያዩም። ዛፍ ላይ ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ የገደልኩት እኔ ነኝ፣ ነው የሚሉት። ስለ ብረቱ ያገኘሁትን ስነግራት ዝም ብላ ሰምታ «ጋሼ፣ እኔ ብነግራቸው አያምኑኝም። ይምጡና ይንገሯቸው» አለችኝ። ስባሪውን በጨርቅ ጠቅልዬ ተነሳሁ።

ከአዳማ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ጅማ። አውቶቡሱ ውስጥ መስኮት የሚከፍትና መስኮት የሚዘጋ ሁለት ሰው መሃል ተቀምጬ ቀኑን ሙሉ ስዳኝ ዋልኩ። ጊቤን ከተሻገርን በኋላ አገሩ ሁሉ አረንጓዴ ሆነ። እኛ አዳማ አንዲት የዛፍ ችግኝ ለማቆየት በጀሪካን ውሃ ስንሸከም እንኖራለን፤ እዚህ የአጥር እንጨት ሳይቀር ቅጠል ያወጣል። ታደለ ቢሮ በር ላይ የተከላትን ማንጎ ጠዋት ጠዋት ሲያጠጣ ለምን ይስቅ እንደነበር አሁን ገባኝ። ጅማ አልጋ ይዤ፣ ጥብስ አዝዤ፣ ግማሹን ትቼ ተኛሁ።

ማክሰኞ

የጅማና የቦንጋ መንገድ ቁልቁል ወደ ጎጀብ ወንዝ ይወርድና እንደገና ሽቅብ ይወጣል። ወንዙ አካባቢ ሞቀን፣ የአዳማ አየር የመሰለ አየር ነበር፤ ሹራቤን አወለቅሁ። ከወንዙ ወዲያ ስንወጣ ጉም ውስጥ ገባንና መልሼ ለበስኩ።

አንድ ኬላ ላይ ውረዱ ተባልን። ፈታሹ ወጣት ፖሊስ ቦርሳዬን ከፍቶ ጨርቁን ፈታና ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ምንድነው ይሄ?»

«ታይታኒየም ነው።»

«አባት፣ ይሄ ወርቅ ነው።»

«ወርቅ ቢሆን ይከብድ ነበር። አንሳው እስቲ።»

አነሳው። በእጁ መዘን መዘን አደረገው፤ ቅለቱ ግራ አጋባው። መንገደኛው ሁሉ ተሰብስቦ ያየኛል፤ ከጎኔ የነበረችው ሴትዮ እንኳ ፈቀቅ ብላለች። ወይ ጣጣ፣ በስተርጅና ኮንትሮባንዲስት ሆንኩ አልኩ በልቤ።

«ከየት ያመጡት ነው?»

«ከሰው እግር የወጣ ነው። አጥንቱ ተሰብሮ ነበር።»

ቶሎ ብሎ አስቀመጠውና እጁን በሱሪው ጠረገ። ትንሽ ቆየና «ሰውየውስ?» አለኝ።

«ሞተ።»

«ነፍስ ይማር» አለ፤ ጨርቁን እንደነበረ አጣጥፎ ቦርሳዬን ራሱ ዘጋልኝ። ሴትዮዋም ተመልሳ አጠገቤ ተቀመጠች፤ እስከ ቦንጋ ድረስ ሙዝ ስታጎርሰኝ መጣች። እምቢ ማለት አልተቻለም።

ቦንጋ በዝናብ ተቀበለችኝ። ከተማዋ ዳገትና ቁልቁለት ናት፤ ባጃጁ ሲወጣ ያቃስታል፣ ሲወርድ ነፍስ ያስጨንቃል። የኛ አዳማ እንደ ትሪ ዝርግ ናትና ባጃጅ ውስጥ እጄን ለቅቄ ነው የምቀመጠው፤ እዚህ ግን በሁለት እጄ የባጃጁን ብረት ጨብጬ ነበር የሄድኩት። አልጋ ቤት ስደርስ መብራት የለም፣ ጫማዬ ውሃ ቋጥሯል፣ የልብስ ሻንጣዬ ታችኛው ክፍል ርሷል። ደግነቱ ስባሪው የነበረበት ቦርሳ እቅፌ ውስጥ ነበር።

የአልጋ ቤቱ ባለቤት እትዬ አስካለ ይባላሉ፤ ጠና ያሉ፣ የማይቸኩሉ ሴት ናቸው። እርጥብ ልብሴን ከእጄ ቀምተው ወጥ ቤታቸው ውስጥ እሳት ዳር ሰቀሉልኝ። የባለቤታቸውን ጋቢና የሱፍ ካልሲ አመጡ። ቆጮ በአይብ አቀረቡልኝ። ቆጮ አዳማም አልፎ አልፎ በልቻለሁ፤ ግን ሩቅ መንገድ የመጣ፣ የደረቀ ቆጮ ነበር የበላሁት። ይሄኛው ለስላሳ ነው። እየበላሁ ለምን እንደመጣሁ ጠየቁኝ፤ ማንኪራ፣ ታደለ የሚባል ልጅ ሞቶ፣ አልኳቸው።

«ያ እግሩ ውስጥ ወርቅ አለ የተባለው ልጅ?» አሉኝ።

ለካ ስባሪውን ሆስፒታል ያየ ሰው ለሌላው ነግሮ፣ ወሬው ከተማ ገብቷል። አባትየው ልጁ እግር ውስጥ የነበረውን ወርቅ ሸጡት የሚልም ነበረ አሉኝ እትዬ አስካለ፤ እያፈሩ ነው የነገሩኝ። ቦርሳዬን ከፍቼ ስባሪውን አሳየኋቸው፣ ወርቅ የሚመስለው ሽፋኑ እንደሆነ፣ ከሥሩ ያለው ግራጫ ብረት እንደሆነ የተሰበረበትን ቦታ እያሳየሁ አስረዳኋቸው። አዩት፣ አልነኩትም።

«እኔ ወሬውን ላወሩት ሁሉ እውነቱን እነግራቸዋለሁ። እርስዎ አባትየውን ያናግሩ» አሉኝ።

ረቡዕ

ጠዋት ዝናቡ አባርቶ ነበር። ባጃጅ የሚችለውን ያህል ወስዶኝ አንድ ቦታ ላይ «ከዚህ በኋላ በእግር ነው» ብሎ አወረደኝ። ዘነበች እዚያ ቆማ ትጠብቀኝ ነበር። ፎቶዋን ታደለ ጠረጴዛ ላይ ሳየው እኖር ስለነበር አልተሳሳትኳትም፤ ብቻ ከስታለች። ማንኪራ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተማሪ ናት። ጥቁር ለብሳለች። ትከሻዬ ላይ ተደፍታ ትንሽ አለቀሰች፤ እኔም አለቀስኩ፤ ከዚያ ቦርሳዬን ልያዝልዎ አለች። ሌላውን ሰጠኋትና ስባሪው ያለበትን ራሴ ያዝኩ።

መንገዱ በዛፎች ሥር ያልፋል። የጫካ ቡና ግራና ቀኝ ነው፤ ሰው የተከለው ሳይሆን ራሱ የበቀለ፣ ጥላ ውስጥ የተዘናፈለ። ጨለም ያለ፣ ውሃ የሚያንጠባጥብ ጫካ ነው። እኔ የሜዳ ሰው ሰማይ ሳላይ ብዙ ስሄድ ይጨንቀኛል። ሽቅብ ሽቅብ እያየሁ ስሄድ እግሬ ተንሸራተተና በጉልበቴ ጭቃው ውስጥ ተሰካሁ። ዘነበች ሳቋን ልትይዝ ብትሞክርም አልቻለችም፤ እኔም ሳቅኩ። ደግፋ አነሳችኝ። ስትደግፍ የለመደች ሰው መሆኗ ያስታውቃል፤ በብብቴ ሥር ገብታ፣ ክብደቴን ወደ ራሷ ወስዳ፣ ቀስ ብላ።

«ታደለንም እንዲህ ነበር የማስኬደው» አለችኝ። «ሐኪሞቹ ይራመድ ብለው ነበር። ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤት ከመግባቴ በፊት በዚህ መንገድ አመጣው ነበር። መጀመሪያ እስከዚያ ድንጋይ፣ በኋላ እስከ ጅረቱ።»

ጎበዝ ነሽ አልኳት። ደስ አላት።

ቤታቸው እንሰት የከበበው ሰፊ ግቢ ነው። ጋሽ ገብሬ ከበረንዳው ጥግ ጀርባቸውን ለጫካው ሰጥተው ተቀምጠዋል። ረጅም፣ አጥንታቸው የወጣ ሽማግሌ ናቸው። ሰላምታዬን ተቀብለው «መጣህ፤ ጥሩ ነው» አሉኝ። አማርኛቸው ከዚህ ብዙ አያልፍም፤ ሌላውን ዘነበች ከአገሩ ቋንቋ ከካፊኖኖ እየተረጎመች ታገናኘናለች። እግዚአብሔር ያጥናዎት አልኩ፤ አንገታቸውን ነቀነቁ። እዚያ አገር እያንዳንዱ ቤተሰብ ቀፎ የሚሰቅልበት የራሱ የደን ድርሻ አለው፤ ኮቦ ይሉታል፤ ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል። የጋሽ ገብሬ ኮቦ ከግቢያቸው ጀርባ ይጀምራል። ትልልቆቹ የቀረሮ ዛፎች ከተቀመጥንበት ይታያሉ፣ ቀፎዎቹም ላያቸው ላይ አሉ። እሳቸው ግን ዞረው አያዩም። ኮቦውን ለጎረቤት ልስጥ እያሉ ነው አለችኝ ዘነበች ቀስ ብላ።

ስባሪውን አወጣሁ። ሳይንሳዊ ነገር ለገበሬ ሽማግሌ እንዴት እንደምነግር መንገዱን ሙሉ ሳስብ ነበር የመጣሁት። ማጉያ መነጽር ሰጠኋቸውና የተሰበረበትን ፊት አሳየኋቸው።

«ዝናብ ሲያባራ ኩሬው እየደረቀ ሲሄድ ጠርዙ ላይ መስመር መስመር ይተው የለም? ይኸው ይህም እንደዚያ ነው። ስንጥቁ ትንሽ ሄዶ ያርፋል፣ እንደገና ትንሽ ይሄዳል፣ መስመር ይተዋል። ከዚህ ከብሎኑ ቀዳዳ ተነስቶ እዚህ ድረስ በልቶታል። የቀረችው ይቺ ብቻ ናት፤ ይቺ ሻካራዋ። በመጨረሻ የተሰበረችው እሷ ናት። ዛፍ የወጣው አንድ ቀን ነው፤ ይሄ ግን የወራት ሥራ ነው። ዛፍ ባይወጣም ይሰበር ነበር።»

ዘነበች ቃል በቃል ነገረቻቸው፤ ጣቷን እኔ ያሳየሁበት ላይ እያደረገች። ጋሽ ገብሬ መነጽሩን አራቁት፣ አቀረቡት። ከዚያ አንድ ጥያቄ ጠየቁ።

«ታዲያ ምን በላው ነው የሚሉት» አለች ዘነበች።

እኔ እንደ ክፍል ውስጥ ጀመርኩ። «የብሎኑ ራስና ብረቱ የተገናኙበት ቦታ ነው። አጥንቱ ገና አልገጠመም ነበር፣ ስለዚህ ክብደቱን ሁሉ ብረቱ ነው የተሸከመው። በእያንዳንዱ እርምጃ ብሎኑና ብረቱ በትንሹ ይፋተጋሉ። ሽፋኑ መጀመሪያ ተሰነጠቀ፣ ከዚያ ብረቱ። በእያንዳንዱ እርምጃ ትንሽ፣ ትንሽ።»

ዘነበች ለመተርጎም አፏን ከፍታ ቆመች። አየችኝ። ከዚያ ወደ አማቷ ዞራ ተናገረች፤ አጭር ነበር። ያ ሁሉ ንግግሬ የሰላምታ ያህል ብቻ ሆኖ መውጣቱን ልብ ብያለሁ፤ ቋንቋቸው ቁጥብ ነው ብዬ አለፍኩት።

ጋሽ ገብሬ ስባሪውን አንስተው ራሳቸው ጭን ላይ፣ ልጃቸው የተሰበረበት ቦታ ላይ አስቀመጡት። በመዳፋቸው ሸፈኑት። ከዚያ ድምፅ አውጥተው አለቀሱ። እኔ ወንድ ልጅ እንደዚያ ሲያለቅስ ሰምቼ አላውቅም። ቀብሩ ላይ እንኳ እንባ ጠብ እንዳላላቸው ኋላ ሰማሁ። ሲበቃቸው ውሃ ጠይቀው ፊታቸውን ታጠቡ፣ ወንበራቸውን አዞሩና ዛፎቻቸውን ትክ ብለው አዩ።

ለእራት የተቀቀለ ጎዳሬ በዳጣ ቀረበልኝ። ጎዳሬ እንደ ድንች ነው፤ ከድንች ይልቅ ግን ሆድ ይይዛል። ዳጣው አፌን አቃጥሎ እንባዬን አወረደውና ጋሽ ገብሬ ፈገግ አሉ። ራሳቸውም ደህና አድርገው በሉ። ልቤ ሞላ። ታደለ፣ አደራህን ተወጣሁልህ አልኩ። ዘነበች ከምድጃው ብዙም አልተለየችም፤ ደክሟት ነው ብዬ አሰብኩ።

ሐሙስ

ጠዋት ስነሳ ጋሽ ገብሬ ግቢው በር ላይ ናቸው። ከግድግዳው ላይ የመውጫ ገመዳቸውን አውርደው እየፈተሹት ነው። ዛሬ ሊወጡ አይደለም፣ ቀፎዎቹን ከታች ሊያዩ ነው፤ ኮቦውንም አይሰጡም አለች ዘነበች። ስባሪው እሳቸው ዘንድ ይቅር ወይ ብዬ አስጠየቅኋቸው። በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው አስቀምጠውታል። ትከሻዬን ሳሙኝ፣ «ና፤ ሌላ ቀንም ና» አሉኝ፣ እና ወደ ጫካው ገቡ። እስኪሰወሩ ድረስ አየኋቸው።

ዘነበች እስከ ባጃጁ ልትሸኘኝ ወጣች። ጅረቱን ስናልፍ ወደ እኔ ዞር አለች።

«ጋሼ፣ ትናንት በእያንዳንዱ እርምጃ ያሉት እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

«የማራምደው እኔ ነበርኩ» አለች። «ዛሬ ያመኛል፣ ይቅርብኝ ሲለኝ፣ አይሆንም፣ ተነስ እለው ነበር። ሰነፍክ ብዬ እሰድበው ነበር።»

ያኔ ነው የገባኝ። ከአዳማ ድረስ ተሸክሜ የመጣሁትን ከአንዱ ላይ አንስቼ በሌላው ላይ ጫንኩት። ከዚያ ደግሞ ብዙ አወራሁ፤ አንቺ ምን አጠፋሽ፣ ሐኪም ያዘዘውን ነው ያደረግሽው፣ ተኝቶ ቢከርም አጥንቱ አይገጥምም ነበር፣ ሌላ በሽታ ያገኘው ነበር፣ ጥፋቱ የሽፋኑና የብረቱ ነው፣ እኛ ራሳችን ይህንን ሽፋን ዓመታት አጥንተን መቼ እንደሚከዳ ማወቅ አልቻልንም፣ አልኳት። ሁሉም እውነት ነው። እሷም ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ።

«ያመኛል ሲለኝ ግን፣ ያን ጊዜ ብረቱ እየተሰነጠቀ ነበር?»

መዋሸት ነበረብኝ ይሆናል። አልቻልኩም።

«ሳይሆን አይቀርም» አልኳት።

አንገቷን ነቀነቀች። ነጠላዋን አስተካከለችና መንገዷን ቀጠለች።

«ለአባባ መራመዱን አልነገርኳቸውም። ብረቱ ከተሠራ ጀምሮ ታሞ ነበር አልኳቸው።»

«ለምን?»

«ቢሰሙ እኔን ማጽናናት ይጀምራሉ። አንቺ አይደለሽም፣ እኔ ነኝ ይሉኛል። ጥፋቱን መልሰው ይወስዱታል።» ባጃጁ ከሩቅ ይሰማል። «እሳቸው አርጅተዋል ጋሼ። እኔ እችለዋለሁ። ሲደውሉ ብቻ፣ ስለ እርምጃ እንዳያነሱባቸው።»

አላነሳም አልኳት። ባጃጁ ውስጥ አስገብታኝ፣ ቦርሳዬን ጭኔ ላይ አድርጋ፣ ለሹፌሩ ቀስ ብለህ ንዳ ብላ አዘዘችልኝ። ስለ መልሱ መንገድ ብዙ የምለው የለኝም። እትዬ አስካለ የደረቀ ልብሴን አጣጥፈው ሰጡኝ። በአውቶቡሱ መስኮት ላይ የሚጣላ ሰው አልነበረም፤ ወይ እኔ አልሰማሁም።

አዳማ ገብቼ ጥቂት ቀን ቆይቼ ደወልኩ። ስልኩን ያነሱት ጋሽ ገብሬ ናቸው። ድምፃቸው ተለውጧል፤ የሰው ድምፅ ሆኗል። ማር አለ፣ ንቡ ደህና ነው፣ አሉኝ በዚያችው አጭር አማርኛቸው። ዘነበችስ ደህና ናት ወይ አልኳቸው።

«ደህና ናት። ጠዋት ጠዋት በዚያ መንገድ ትሄዳለች። እስከ ጅረቱ። ብቻዋን።»

ጥሩ ነው አልኳቸው፤ ስለ እርምጃ አላነሳሁም።